ሦስት ክረምት ሰማጭ ሆኜ ስሠራ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አያ ምናለ ደወሉ። ስልክ ላይ ሰላምታ አያበዙም። "ደጊቱ፣ ወረቀትሽ ወጥቷል። ማኅተሙ ገና እርጥብ ነው፤ እስክትመጪ እኔ ጋ ይቆያል" ብለው ዘጉት። እኔ ደብረ ማርቆስ ለትምህርት በተከራየሁበት ግቢ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ሳሙና በሳሙና በሆነ እጄ ስልኩን እንደያዝኩ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። አከራዬ በር ላይ ወጥተው "ምን ሆነሽ ነው አንቺ?" ቢሉኝ "ጡረታ ወጣሁ" አልኳቸው። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ሴትዮዋ አንገታቸውን ነቅንቀው ተመልሰው ገቡ።

እውነቴን ግን ነው። ሦስት ክረምት ሙሉ ሥራዬ መስመጥ ነበር። ከአምበር ወረድ ብሎ ያለው ወንዛችን በበጋ ድንጋይ እየረገጡ የሚሻገሩት ነው። ሐምሌ ሲገባ ግን ድንጋይ እየገለበጠ፣ ግንድ እየነቀለ ይመጣል፤ መሀሉ ላይ ያለው ሞገድ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ያህል ከፍታ አለው። ያኔ የማዶ ሰው ወደ ገበያም ሆነ ወደ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው በጎታች ብቻ ነው። ጎታች የምንለው ደረቱ ላይ ገመድ ታጥቆ፣ ተሻጋሪውን በተነፋ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ላይ አስተኝቶ፣ እየዋኘ የሚያሻግረውን ሰው ነው። ድሮ ጉልበት ያለው ሁሉ ይጎትት ነበር። አሁን የብቃት ማረጋገጫ የሌለው እንዳይጎትት ተከልክሏል። ሥልጠናውን የሚሰጡት፣ ፈተናውንም የሚፈትኑት አያ ምናለ ናቸው። ለፈተናው ደግሞ የሚሰምጥ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ከማክሰኞ ጀምሮ ጎታች ሆኛለሁ። ሰው ከሥራው ሲሰናበት ትዝታውን ይጽፋል፤ የእኔ አጭር ቢሆንም ሥራ ሥራ ነው።

ሥራውን ያገኘሁት ሌላ ሰው ስላልፈለገው ነው። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ትምህርት ተዘግቶ አምበር እናቴ ዘንድ ወርጃለሁ። ወንዝ ዳር ብርድ ልብስ እያጠብኩ ሳለሁ አያ ምናለ ሠልጣኞቻቸውን ሰብስበው "ማን ይሰምጣል?" ሲሉ ሰማሁ። ያ ሁሉ ጎረምሳ መሬት መሬት ያያል። ለማስመሰል እንኳ መስመጥ በእኛ አገር ሟርት ነው። ሰው በገዛ አፉ ሰመጥኩ አይልም።

"እኔ እሰምጣለሁ" አልኩ ከልብሱ ቀና ብዬ።

አያ ምናለ ዞር ብለው አዩኝ። "ዋና ትችያለሽ?"

"እችላለሁ።"

"እንግዲያማ መርሳት ይኖርብሻል" አሉኝ።

እናቴ ይህን እንደሰማች "የማንን ልጅ ነው ሬሳ የሚያደርጉት?" እያለች ወንዝ ድረስ ወረደች። አያ ምናለ አልተከራከሯትም። "ምን ብናደርግ ልብሽ ያርፋል?" ብለው ጠየቋት። እናቴ ትንሽ አሰበችና "ከመግባቷ በፊት ደህና መሆኗን ሰው ሁሉ እየሰማ ትናገር" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ ከመግባቴ በፊት ድንጋይ ላይ ወጥቼ፣ እጄን ሰቅዬ "እኔ ደጊቱ ነኝ፤ ደህና ነኝ" እላለሁ። ኋላ ከወረዳ የመጣው ባለሙያ ይህን አይቶ "ጥሩ የደኅንነት አሠራር ነው" አለና በፈተናው ቅጽ ላይ ተራ ቁጥር አንድ አድርጎ ጻፈው። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ግን የመንግሥት ቅጽ ላይ አንድ መስመር አላት። አበሉ ለደብተር ይበቃ ነበር፤ ስለ አበሉ ይህን ካልኩ ይበቃል።

ስለ አያ ምናለ ግን ብዙ መናገር እፈልጋለሁ። ጎታች ሲባል ሰፊ ትከሻ የሚታያችሁ ከሆነ አያ ምናለ አይደሉም። ቀጭን ናቸው፤ አንድ ጆሯቸው ውሃ ገብቶበት ከደነቆረ ቆይቷል። ጠዋት ወንዙ ላይ ሲደርሱ ማንንም አያናግሩም። ቁጭ ይሉና ገለባ ይወረውራሉ። ገለባው ቀጥ ብሎ ከሄደ ያልፉታል። ከተሽከረከረ ግን ተነስተው ቦታውን በእንጨት ያመለክታሉ፤ ከሥሩ ድንጋይ አለ ማለት ነው። ከዚያ ውሃውን በእፍኛቸው ዘግነው ያሸታሉ። ሽታው እንደ ታረሰ መሬት ከሆነ፣ ደረቅ ቅጠልና ሣርም ከመጣ፣ ላይ አገር ዘንቦ ደራሽ ጎርፍ እየወረደ ነውና ፊሽካቸውን ይነፋሉ፤ ሁሉም ይወጣል። አንድ ቀን ፀሐይ ፍንትው ብሎ ሳለ ነፉ። ጎረምሶቹ እያጉረመረሙ ወጡ። ጫማቸውን ሳያስሩ ውሃው የቆሙበትን ድንጋይ ዋጠው።

ቋጠሮ የሚያስተምሩት ዓይን አስጨፍነው፣ እጅን ወደ ኋላ አዙረው ነው። የጎታች ገመድ በአንድ ሳብታ መፈታት አለበት። ገመዱ ድንጋይ ከያዘውና ካልተፈታ፣ ያው ገመድ ጎታቹን ውሃ ሥር ይዞ ያስቀረዋል። "እጅሽ ሲደነዝዝ፣ ዓይንሽ ጭቃ ሲሞላ ነው የምትፈችው። ታዲያ አሁን ምን ልታዪ ታጎነብሻለሽ?" ይሉኝ ነበር።

ከልማዳቸው ሁሉ የምወደው ግን ስም መጠየቃቸው ነው። ከመሻገሩ በፊት የሰውየውን ስም ይጠይቃሉ፤ የሚያውቁትንም ሰው ይጠይቃሉ። ውሃ መሀል ሲደርሱ "አይዞህ" አይሉም። "አይዞህ ያልከው ሰው የሚፈራ ነገር እንዳለ ያውቃል" ይላሉ። በስሙ ይጠሩትና "ጌትነት፣ ሰማዩ ላይ ምን አለ?" ይሉታል። ሰው ስሙን ሲሰማ የጎታቹን አንገት ማነቁን ይተዋል፤ ሰማይ ሲያይ ደግሞ ደረቱ ይነፋና ይንሳፈፋል። ይህ ተአምር አይደለም፤ መቶ ጊዜ ሲሠራ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ያለ እሱ ቀሪው ትርጉም የለውም።

አያ ቢተው በወንዛችን ላይ ከሁሉም ረጅም ዘመን የጎተቱ ሰው ናቸው። እኔ ሳልወለድ እኛ ቤት ማዶ ነበር። እናቴን በእኔ ምጥ ሲይዛት፣ በነሐሴ ሙላት፣ በተነፋ የፍየል አቁማዳ ላይ አስተኝተው ያሻገሯት አያ ቢተው ናቸው። ልጅ ሆኜ ባዩኝ ቁጥር "ይችን ሁለት ሆና ነው ያሻገርኳት" እያሉ ያስቁኝ ነበር። የብቃት ማረጋገጫ ሲመጣ እሳቸውም እንደማንም ተፈተኑ። ቋጠሮውን ከአያ ምናለ ፈጥነው ሠሩት። ውሃውን አንብቡ ሲባሉ ከአያ ምናለ ጋር እስኪከራከሩ አነበቡት። የቀረው መጎተት ነበር። ከመነዳሪው ቢፈነዳና ሰውየው ራሱን ቢስት ምን ታደርጋለህ ነው ፈተናው፤ ዝልፍልፍ ያለ ሰው ከወንዙ መሀል በብብቱ ይዞ፣ ያለ ምንም መንሳፈፊያ፣ ከታች በኩል ነጭ ቀለም ከተቀባው ድንጋይ ሳያልፉ ማውጣት።

ያ ዝልፍልፍ ሰው እኔ ነኝ። ተንሳፋፊ ሰደርያ ለብሶ መስመጥ ስለማይሆን ወገቤ ላይ ቀጭን ገመድ ብቻ ነበር።

አያ ቢተው ከኋላ መጥተው ያዙኝ። አያያዛቸው ጥሩ ነበር። ግማሽ ላይ ስንደርስ ግን ትንፋሻቸው ጆሮዬ ሥር እንደ ወናፍ ይጮህ ጀመር። ዳር ላይ የቆሙት ጎረምሶች መሳቅ ሲጀምሩ ሰማሁ። አንዱ "ሽማግሌውን ማን ያወጣዋል?" አለ። እኔ በዚያ ቅጽበት እናቴን አሰብኩ፣ አቁማዳውን አሰብኩ። ይሉኝታ ያዘኝ። እንዴት ብዬ ነው በእኔ ክብደት በሰው ፊት የሚዋረዱት? ውሃው ድፍርስ ነው፤ ከሥር ማንም አያይም። በእግሬ ውሃውን ገፋሁት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ነጩ ድንጋይ ጋ ሳንደርስ ወጣን።

አያ ቢተው ዳር ላይ ተቀምጠው እየሳቁ "ይች ልጅ ዛሬም እንደዚያን ቀን ቀላል ናት" አሉ። ወረቀታቸውን አገኙ። እኔ ጥሩ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ሌሊቱን በደስታ ተኛሁ።

በዚያው ክረምት፣ በሐምሌ፣ በገበያ ቀን፣ እትዬ ከድጃ ሊሻገሩ መጡ። እትዬ ከድጃ አምበር ሱቅ ያላቸው፣ በየሳምንቱ ሳሙናና ክብሪት ይዘው ማዶ የሚሸጡ፣ ምላሳቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። እኔ ከላይ ዳር ሆኜ ገመድ እጠቀልል ነበር። አያ ቢተው ይዘዋቸው ገቡ። መሀል ላይ አንድ የተሰበረ ቅርንጫፍ ከላይ መጥቶ ከመነዳሪውን ወጋው። የፈነዳበት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እትዬ ከድጃ ክንዳቸውን ቅርንጫፉ መታው፤ ከሕመሙ ብዛት ወዲያው ራሳቸውን ሳቱ። አያ ቢተው ከኋላ በብብታቸው ያዟቸው፤ ልክ እኔን እንደያዙኝ። መጎተት ግን አልቻሉም። ሁለቱም ነጩን ድንጋይ አለፉ። አያ ቢተው አለቀቁም፤ ይህን ሁልጊዜ መናገር አለብኝ። መልቀቅ ቢፈልጉ ራሳቸው ይወጡ ነበር።

ያዳናቸው አያ ምናለ ሁልጊዜ ከታች መታጠፊያው ላይ ሁለተኛ ገመድ ይዘው የሚቆሙ መሆናቸው ነው። ገመዱን ወርውረው ሁለቱንም ወደ አሸዋው አወጧቸው። እትዬ ከድጃ አይተነፍሱም ነበር። አያ ምናለ ደረታቸውን ተጫኑ፣ ትንፋሽ ሰጧቸው፣ እንደገና ተጫኑ። እኔ ሮጬ ስደርስ ውሃ ሲያስመልሳቸው ነበር። አያ ቢተው አሸዋው ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸውን ገልብጠው ገልብጠው ያያሉ። "ልጅቷን ስጎትት እንዲህ አልነበረም" ይላሉ። "ምናለ፣ አንተ አይተሃል፤ እንዲህ አልነበረም።"

እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። ደግሞም ከተናገርኩ ሥራዬን ብቻ አይደለም የማጣው፤ የአያ ምናለን ፊት፣ የአያ ቢተውን "ይችን ሁለት ሆና" ሁሉ ነው። ካልተናገርኩ ግን አያ ቢተው ቅርንጫፉን ወይም ዕድላቸውን ይወቅሱና በሳምንቱ ሌላ ሰው ይዘው ይገባሉ። በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ። አያ ምናለ ገመድ ፀሐይ ላይ እያሰጡ ነበር።

"አያ ምናለ፣ የዚያን ቀን በእግሬ ገፍቻለሁ።"

ገመዱን አስጥተው ጨረሱ። "ስንት ጊዜ?"

"ሦስት።"

"ለማን ብለሽ?"

"ለእሳቸው።"

"እኔስ ጥፋቴን አውቄያለሁ፤ የሰማጭን እግር መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም" አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። "አሁን ሂጂና ለቢተው ንገሪው። እኔ አልነግርልሽም።"

አያ ቢተው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ነበር። ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"አዘንሽልኝ?" አሉ።

"አዎ።"

"ጎረምሶቹ ስለሳቁ?"

"አዎ።"

"ቢስቁብኝ ምን እሆን ነበር? ገመድ ይዤ እቆም ነበር፤ ከድጃንም ሌላ ጉልበት ያለው ይጎትታት ነበር።" ጋቢያቸውን እንደገና ተከናነቡና "ሂጂ በይ" አሉኝ። ያን ዕለት ወረቀታቸውን ራሳቸው ወስደው ለአያ ምናለ መለሱ። ከዚያ በኋላ ዳር ላይ ገመድ ያዥ ሆኑ። ሰላም ስላቸው እግዜር ይስጥሽ ይላሉ፤ ከዚያ በላይ ግን ሁለት ክረምት ሙሉ አንድ ቃል አላወጡልኝም።

እትዬ ከድጃ ዘንድም ሄድኩ። ክንዳቸው በጨርቅ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

"ስለዚህ ያሰመጥሽኝ አንቺ ነሽ" አሉኝ።

"ይቅር ይበሉኝ እትዬ።"

"ይቅርታውን አላህ ያውቃል። ሳሙናውን ማን ይሸከማል?"

ያን ክረምት በየሳምንቱ የሳሙና ካርቶናቸውን ከሱቅ እስከ ወንዝ ተሸከምኩ። መንገዱን ሁሉ ላገኙት ሰው "ይች ናት፤ ደግ ልጅ ናት፣ ከደግነቷ የተነሳ ልትገድለኝ ነበር" እያሉ ያስተዋውቁኝ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ካርቶኑን ሳወርድ አንድ ሳሙና በእጄ አስያዙኝ። እስካሁን አልተጠቀምኩበትም።

አያ ምናለ አላባረሩኝም። ይልቅ መስመጥ እንደ አዲስ አስተማሩኝ። ከዋና ይከብዳል። ሰው ውሃ ውስጥ ሳያውቀው ይረዳል፤ አንገቱ ይደነድናል፣ ጣቱ ይቀዝፋል። "ከአገጭሽ ጀምሪ። አገጭ ከላላ ገላ ሁሉ ይላላል" ይሉኛል። አፌን ከፍቼ እንደ እርጥብ ጨርቅ መንጠልጠል ለመድኩ። ቅጹ ላይም አዲስ ጥያቄ ተጨመረ። ከእያንዳንዱ ፈተና በኋላ አያ ምናለ ሁሉ እየሰማ ሰማጩን "እግርሽስ?" ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ያደረግሁትን እናገራለሁ።

በሁለተኛው ክረምት ብዙ ጎረምሳ በእኔ ወደቀ። ስሜ "የአያ ምናለ ሬሳ" ሆነ። አንዱ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሲያቅተው ዳር ላይ ተዘርግቶ "አንቺ፣ ምን በልተሽ ነው እንዲህ የከበድሽ?" አለኝ።

"አንተ ምን ሳትበላ ነው እንዲህ የቀለልከው?" አልኩት። አራተኛው ላይ አለፈ፤ አሁን ከምርጦቹ አንዱ ነው። በቀደም ነፍሰ ጡር ሲያሻግር ዳር ቆሜ አየሁት፤ ስሟን ሲጠራ ሰማሁት። እኔ ባዝንለት ኖሮ ያቺን ሴት እንዴት እንደማይ አላውቅም።

በዚህ ክረምት አሥራ ስምንት ሞላኝና ጎታች ለመሆን ተመዘገብኩ። ቋጠሮውን ሠራሁ፤ ውሃውን አነበብኩ። መጎተት ላይ ስደርስ ግን ሰማጩ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰማጭ የለም። አያ ምናለ እንደ ድሮው "ማን ይሰምጣል?" አሉ። ጎረምሶቹ እንደ ድሮው መሬት መሬት አዩ።

አያ ቢተው የያዙትን ገመድ ለጎናቸው ሰው አቀበሉት። ጋቢያቸውን አጥፈው ድንጋይ ላይ አስቀመጡ።

"ቢተው፣ ለሷ ትከብዳታለህ" አሉ አያ ምናለ።

"ውሃው ቀላል ሰው መርጦ ነው የሚወስደው?" አሉ አያ ቢተው። ድንጋዩ ላይ ወጡ፣ እጃቸውን ሰቀሉ። "እኔ ቢተው ነኝ፤ ደህና ነኝ።" እናቴ ዳር ላይ ነበረች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

መሀል ላይ ከኋላ ደርሼ በብብታቸው ያዝኳቸው። ያን ያህል የሚከብድ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር። አገጫቸው ተንጠልጥሏል፤ ክንዳቸው ውሃው እንደወሰደው ይሄዳል። ሞገዱ አንድ ጊዜ በላያችን አለፈና ሁለታችንንም ዋጠን። ስወጣ ነጩ ድንጋይ ቀርቧል፤ ዳሩ ርቋል። ያን ጊዜ፣ ልዋሽ አልችልም፣ አንድ ጊዜ እንኳ ቢገፉልኝ ብዬ ተመኘሁ። እግራቸውን ጠበቅሁት። አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ የአያ ምናለ ትምህርት መጣልኝና ቀጥ ብሎ ከወንዙ ጋር መታገሉን ተውኩት። ሰውነቴን በሰያፍ አደረግሁ፤ ገለባው የሄደበትን መስመር ያዝኩ፤ ውሃው ራሱ ወደ ዳር ገፋን። "ቢተው" አልኳቸው፤ ያለ አያ፣ በስማቸው ብቻ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። "ቢተው፣ ሰማዩ ላይ ምን አለ?" መልስ አልሰጡም፤ ራሱን የሳተ ሰው አይመልስም። ነጩ ድንጋይ ክርናችንን እየላጠው ወጣን። ግን አላለፍነውም።

አሸዋው ላይ ጎን ለጎን ተዘረርን። አያ ምናለ በላያችን ቆሙ።

"እግርህስ?" አሉ።

"አልነካሁትም" አሉ አያ ቢተው። ከዚያ ሁለት ክረምት ያላዞሩትን ፊት ወደ እኔ አዞሩ። "ከበድኩሽ?"

"በጣም።"

"ጥሩ" አሉና እጄን ይዘው አስነሱኝ።

ማክሰኞ የወጣው ወረቀት ይህ ነው። እንግዲህ የእኔ የቀድሞ ቦታ ባዶ ነው፤ አያ ቢተውም በየቀኑ መስመጥ አይችሉም፣ ወገባቸውን ያማቸዋል። ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ አምበርና አካባቢዋ ያላችሁ፣ በተለይ ሴቶች፣ የሚቀጥለው ሥልጠና ሰኔ ላይ ሲጀመር ወንዙ ዳር ኑ። ቅያሪ ልብስ ያዙ፤ ቁርስ አታብዙ። እናታችሁ ካልፈቀደች ይዛችኋት ኑ፤ አያ ምናለ ያናግሯታል፣ የእኔም እናት ትኖራለች። ዋና ባትችሉ ያስተምሯችኋል። እኔም እንደማንኛውም ጎታች በየዓመቱ ስለምፈተን፣ ከእናንተ አንዷን ከመሀል ወንዝ መጎተቴ አይቀርም። ሲደክመኝ ትሰሙኛላችሁ፤ ትንፋሼ ጆሯችሁ ሥር ነው የሚሆነው። ያኔ እግራችሁን እንዳታንቀሳቅሱ።